የድንብላሉ ቅጠል ቀና እስኪል

ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኝ። ጨው ብረሳስ? «እኛ እንጨምራለን» በሉ። በቃ፣ ቃል ገብታችኋል፤ በኋላ «ይሄ ጎደለው፣ ያ ጎደለው» የሚል ሰው እንዳልሰማ። እዚህ ታሪክ ውስጥ የጨው ጣጣ አለ፤ ስንደርስበት ትሰሙታላችሁ።

በእንሰት አገር፣ ከጋራው ሥር፣ አባ ሰማን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በክረምቱ ማብቂያ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። በረዶው የጓሮውን ተክል ሁሉ አረገፈው። ጎርፉ የደጁን የፍግ ክምር ጠርጎ ወሰደ፤ አልበቃ ብሎት በርሜል የሚያክል ድንጋይ ከላይ አንከባሎ የሰፈሩን ምንጭ አፍ ደፈነው። አባ ሰማን ያን ዶፍ ራሳቸው ላይ እያወረዱ ቦይ ሲቆፍሩ ዋሉ፤ በነጋታው ትኩሳት ያዛቸው። ትኩሳቱስ ለቀቃቸው። ምግብ ግን እምቢ አሉ። ዘጠኝ ቀን! ወተት ሲሰጧቸው «ውሃ ነው»፣ ቆጮ ሲሰጧቸው «እንጨት ነው»። ጉንጫቸው ገባ፤ ቀበቷቸው ሌላ ቀዳዳ አስፈለገው።

ቤት ውስጥ ከእሳቸው ጋር ያለችው ምራታቸው ነጅሚያ ብቻ ናት። ከተዳረች ገና ሦስት ወሯ ነው። ባሏ ሙኒር ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ሲሄድ «አባቴን አደራ» ብሏት ነበር። አደራ ቀላል ነገር መሰላችሁ? ሰው ሲተኛ አደራ አይተኛም። ነጅሚያ ዘጠኙን ቀን የሽማግሌውን ትንፋሽ ስትቆጥር ነው የከረመችው።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት አባ ሰማን ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ልጄ!»

«አቤት አባባ!»

«ቆጭቆጫ አማረኝ። ብዙ አይደለም፤ በጣት ጫፍ የምትቀመስ። ቃሪያውን ከነፍሬው አድርጊው። ድንብላሉ ግን እርጥብ ቅጠሉ ይሁን፤ አረንጓዴ፣ ቀና ያለ፣ ቤቱን የሚያውድ። እሱን ካገኘሁ እበላለሁ። ካላገኘሁ ተዪኝ፤ አትነዝንዢኝ።»

ነጅሚያ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወደ ጓሮ በረረች። ከበረዶው የተረፈ ድንብላል አንድ እፍኝ ብቻ ነው፤ እሱም እንሰቱ ከልሎት ነው የዳነው። የሌላው ሰው ድንብላል አብቦ ፍሬ ይዟል፤ ቅጠል የለውም። ገበያ የሚቆመው ከአራት ቀን በኋላ ነው። አንዷን እፍኝ ከነአገዳዋ ቆርጣ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ይዛት ገባች።

እና ምን አደረገች? ኧረ አንቺ እዚያ ጋ፣ ቀድመሽ አትሳቂ! ነጅሚያ የማረቆ ልጅ ናት። የበርበሬ አገር ልጅ በፀሐይ ታምናለች። እናቷ ቤት ከማሳ የመጣ ነገር ሁሉ ይታጠባል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይ ያላየው ነገር ወጥ ውስጥ አይገባም። እሷም ያደገችበትን አደረገች። ቅጠሉን አጠበች፣ ደግማ አጠበች፣ ስፌድ ላይ በተነችና ደጅ፣ ጠራራው ላይ አሰጣችው። ከዚያ ቃሪያ ስትሰነጥቅ፣ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ቆየች። ስትመለስ ቅጠሉ የለም። ማለቴ አለ፣ ግን ስፌዱ ላይ ተለጥፏል። አንገቱ ወድቋል፤ አገዳው እንደ ክር ልፍስፍስ ብሏል።

«ወይኔ ጉዴ!» አለችና ተንበረከከች። «አንተ ቅጠል፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ቀና በል። ቀና ካላልክ አባባ አይበሉም፤ አባባ ካልበሉ ደግሞ… የቀረውን አፌ አይበለው!»

«በፀሐይ አስተኛሽኝ፣ ተኛሁ» አለ ቅጠሉ። «ቀዝቃዛ ውሃ ካልጠጣሁ ቀና አልልም። እንስራሽ ውስጥ ያለውን የወንዝ ድፍርስ ደግሞ እንዳታቀርቢልኝ፤ እሱ ለብ ብሏል። የምንጭ ውሃ ነው የምጠጣው።»

ቅጠል ይናገራል ወይ ትሉኛላችሁ። ዘጠኝ ቀን ያልበላ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ይናገራል፤ የሚሰማ ጆሮ ነው የሚጠፋው።

ነጅሚያ ቅጠሉን ጥላ ውስጥ አስገብታ ወደ ምንጩ ሮጠች። ምንጩ ከድንጋዩ ሥር ያጉረመርማል።

«ምንጭ ሆይ፣ ፍሰስልኝ። ካልፈሰስክ ቅጠሉ አይጠጣም፤ ቅጠሉ ካልጠጣ ቀና አይልም፤ ቅጠሉ ቀና ካላለ አባባ አይበሉም፤ አባባ ካልበሉ ደግሞ… የቀረውን አፌ አይበለው!»

«እኔ መፍሰስ ጠልቼ ነው?» አለ ምንጩ፣ አፉን እንደታፈነ ሰው። «ደረቴ ላይ የተቀመጠውን አታዪውም? ድንጋዩ ካልተነሳልኝ አልፈስም።»

ወደ ድንጋዩ ዞረች። በሁለት እጇ ገፋችው። በጀርባዋ ገፋችው። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

«ድንጋይ ሆይ፣ ተነስ እባክህ። ካልተነሳህ ምንጩ አይፈስም፤ ምንጩ ካልፈሰሰ ቅጠሉ አይጠጣም፤ ቅጠሉ ካልጠጣ ቀና አይልም፤ ቅጠሉ ቀና ካላለ አባባ አይበሉም፤ አባባ ካልበሉ ደግሞ… የቀረውን አፌ አይበለው!»

ድንጋዩ ድምፁ ከሆዱ ነው የሚወጣው። «በፈቃዴ አልመጣሁም፤ ጎርፍ ነው ያመጣኝ። በፈቃዴም አልሄድም። በሬ ከጎተተኝ ብቻ ነው።»

ልክ ነው፣ ድንጋይ አይዋሽም። ነጅሚያ ወደ ቤት ተመለሰች። በረቱ ውስጥ የአባ ሰማን በሬ ቡሬ ተኝቶ ያመነዥካል፤ ምን እንደሚያመነዥክ እንጃለት፣ የጎኑ አጥንት ይቆጠራል።

«ቡሬዬ፣ ተነስና ድንጋዩን ጎትትልኝ። ካልጎተትክ ድንጋዩ አይነሳም፤ ድንጋዩ ካልተነሳ ምንጩ አይፈስም፤ ምንጩ ካልፈሰሰ ቅጠሉ አይጠጣም፤ ቅጠሉ ካልጠጣ ቀና አይልም፤ ቅጠሉ ቀና ካላለ አባባ አይበሉም፤ አባባ ካልበሉ ደግሞ… የቀረውን አፌ አይበለው!»

ቡሬ ጆሮውን አንዴ አርገበገበ። «ጌታዬ ከተኛ ወዲህ የእንሰት ቅጠል በእጁ የሚያጎርሰኝ አላየሁም። አንቺ ጭድ ወርውረሽልኝ ትሄጃለሽ። በባዶ ሆድ ድንጋይ አይጎተትም። እንሰት ካልበላሁ አልነሳም።»

ነጅሚያ አፈረች። እውነቱን ነው፤ ለበሬው ጭድ ወርውራ ነበር የምትሄደው። አደራው አባባ ብቻ መስሏት። ወደ እንሰቱ ሄደች፤ ድንብላሉን ከበረዶ ያዳነው ያ ትልቁ እንሰት ነው።

«እንሰት ሆይ፣ ቅጠልህን ስጠኝ። ካልሰጠኸኝ በሬው አይጎትትም፤ በሬው ካልጎተተ ድንጋዩ አይነሳም፤ ድንጋዩ ካልተነሳ ምንጩ አይፈስም፤ ምንጩ ካልፈሰሰ ቅጠሉ አይጠጣም፤ ቅጠሉ ካልጠጣ ቀና አይልም፤ ቅጠሉ ቀና ካላለ አባባ አይበሉም፤ አባባ ካልበሉ ደግሞ… የቀረውን አፌ አይበለው!»

«ሰው ሁሉ ወደ ቅጠሌ ያያል፤ ወደ እግሬ የሚያይ የለም» አለ እንሰቱ። «ለምግብ ስትፈልጉኝ ቅጠል፣ ለመጠቅለያ ስትፈልጉኝ ቅጠል። እግሬ ሥር የነበረውን ፍግ ጎርፍ ከወሰደው ስንት ቀን ሆነው! ፍግ ካላመጣሽልኝ ቅጠል አልሰጥሽም።»

ፍግ ከየት ይምጣ? የቤቱ ፍግ ጎርፍ በልቶታል። ከአጥሩ ማዶ ግን ስድስት ላም ያለው ቤት አለ፤ ክምሩም የቤት ጣራ ያክላል። የእትዬ ከሪማ ቤት ነው። እትዬ ከሪማ ማን ናቸው? የአባ ሰማን የእናት ልጅ፣ ታላቅ እህታቸው። በአንድ አጥር ይዋሰናሉ፣ ሰባት ዓመት ግን «እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ» ተባብለው አያውቁም። አጥሩ ላይ መተላለፊያ ነበር፤ በእሾህ ተዘግቷል። ነጅሚያ ነገሩን አታውቅም። ምራት አይደለች፣ ማን ይነግራታል! እሷ የምታውቀው በዚያ በኩል እንደማይኬድ ብቻ ነው።

ሄደች። እሾሁ ጋ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና ተጣራች። እትዬ ከሪማ ከክምሩ አጠገብ አካፋ ይዘው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ፍግ ይስጡኝ እባክዎ። ፍጉ ካልመጣ እንሰቱ አይሰጥም፤ እንሰቱ ካልሰጠ በሬው አይጎትትም፤ በሬው ካልጎተተ ድንጋዩ አይነሳም፤ ድንጋዩ ካልተነሳ ምንጩ አይፈስም፤ ምንጩ ካልፈሰሰ ቅጠሉ አይጠጣም፤ ቅጠሉ ካልጠጣ ቀና አይልም፤ ቅጠሉ ቀና ካላለ አባባ አይበሉም፤ አባባ ካልበሉ ደግሞ…»

«የቀረውን አትበዪው!» አሉ እትዬ ከሪማ፣ አካፋቸውን መሬት ላይ ወግተው።  ከዚያ ፊታቸውን አጠቆሩ። «አልበላ አለ?»

«ዛሬ አሥር ቀናቸው።»

«አውቃለሁ። በየማለዳው ከቤታችሁ ጭስ መውጣቱን አያለሁ። ጭሱ ከወጣ፣ አለ እላለሁ።» አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ግን ስሚኝ ልጄ። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በአረፋ፣ ዘመድ ሁሉ ከያለበት ተሰብስቦ፣ ቆጭቆጫ በገዛ እጄ ፈጭቼ አቀረብኩለት። በጣቱ ቀመሰና፣ በአሥራ ሁለት እንግዳ ፊት ‹ጨው የለውም› አለኝ። ጨው ነበረው! ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ፤ መተላለፊያውን በእሾህ ዘጋሁት። ፍግ ሞልቶኛል። ግን ከአፉ ‹አውፍ በይኝ› የምትል አንዲት የይቅርታ ቃል ካልወጣች፣ ከዚህ ክምር አንድ አካፋ አይነሳም።»

አያችሁልኝ? ሰባት ዓመት፣ ለአንዲት ቁንጥር ጨው! ሳቁ፣ ሳቁ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ እሾህ ይጠፋል ብዬ አላምንም።

ነጅሚያ ወደ አባ ሰማን ተመለሰች። ከአልጋው ግርጌ ቆማ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ እየፈራች ጀመረች።

«አባባ፣ ‹አውፍ በይኝ› የምትል አንዲት ቃል ይስጡኝ፤ ለእትዬ ከሪማ። ቃሉ ካልወጣ ፍጉ አይመጣም፤ ፍጉ ካልመጣ እንሰቱ አይሰጥም፤ እንሰቱ ካልሰጠ በሬው አይጎትትም፤ በሬው ካልጎተተ ድንጋዩ አይነሳም፤ ድንጋዩ ካልተነሳ ምንጩ አይፈስም፤ ምንጩ ካልፈሰሰ ቅጠሉ አይጠጣም፤ ቅጠሉ ካልጠጣ ቀና አይልም፤ ቅጠሉ ቀና ካላለ እርስዎ አይበሉም…»

አባ ሰማን ወደ ግድግዳው ዞሩ። 

«ቃሉማ አለ» አሉ በመጨረሻ። «ሰባት ዓመት እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ነው ያለው። ግን አፌ ደርቋል፤ ምላሴ እንጨት ሆኗል። የድንብላሉ ጠረን ካልመጣልኝ ምላሴ አይፈታም። ጠረኑን አምጪልኝ፣ ቃሉን ውሰጂ።»

እንግዲህ ምን ይባላል! ጠረኑ እንዲመጣ ቅጠሉ ቀና ይበል፣ ቅጠሉ ቀና እንዲል ውሃ ይጠጣ፣ ውሃው እንዲመጣ ድንጋዩ ይነሳ፣ ድንጋዩ እንዲነሳ በሬው ይብላ፣ በሬው እንዲበላ እንሰቱ ፍግ ያግኝ፣ ፍጉ እንዲመጣ ቃሉ ይውጣ፣ ቃሉ እንዲወጣ ጠረኑ ይምጣ። ዞሮ ዞሮ እዚያው! ነጅሚያ ደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ጋደል ብላለች። «ሙኒር ምን ይለኛል? እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች። ልታለቅስ ሁለት መዳፏን ፊቷ ላይ ከደነች።

አላለቀሰችም። መዳፏን ፊቷ ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን አነሳችና አየችው፤ መልሳ አሸተተችው። አጃኢብ! ቅጠሉን የቆረጠው፣ ሁለት ጊዜ ያጠበው፣ ስፌዱ ላይ የበተነው ይሄ እጅ ነው። ቅጠሉ ወድቋል፤ ጠረኑ ግን እጇ ላይ ቁጭ ብሏል፣ አልሞተም። ስንት ቤት ስትለምን ስትሮጥ የዋለችው እጇ ላይ ይዛው ነው! ሱብሃነላህ፣ እኔ ይሄን ባወራሁ ቁጥር የራሴን እጅ አያለሁ።

ተነስታ ገባች። አልጋው ጋ ስትደርስ ግን እግሯ ተያዘ። ምራት እጇን ወደ አማቷ ፊት አታነሳም፤ ነውር ነው። በሦስት ወር ውስጥ የአባ ሰማንን ዓይን እንኳ ቀና ብላ አይታ አታውቅም። ቆመች፤ ከዚያ ሁለት መዳፏን እንደ ዱዓ ዘርግታ አፍንጫቸው ጋ አቀረበችላቸው።

«ይማሩኝ አባባ። ያሽትቱ።»

አባ ሰማን ተነፈሱ። ዓይናቸው ተከፈተ። ደግመው ተነፈሱ፣ ደረታቸው እስኪነሳ። ምራቅ ዋጡ፤ አሥር ቀን የደረቀ አፍ ምራቅ ዋጠ! ከዚያ ከዓይናቸው ጥግ እንባ ወርዶ ትራሱ ውስጥ ገባ።

«ይሄ የከሪማ እጅ ጠረን ነው» አሉ። «እናታችን ከሞተች በኋላ እሷ ናት ያጎረሰችኝ፤ ሁልጊዜ እጇ እንዲህ ነበር። ልጄ፣ ጨው ነበረው። ልክ ነበር ጨው። እንግዳ ፊት ልኩራራ ብዬ ነው። ሂጂ፣ ‹አውፍ በይኝ› ብሏል በያት።»

ቃሉ ወጣ! ነጅሚያ ከንፈሯን ገጥማ ሮጠች፤ መንገድ ላይ «ደህና ዋልሽ» ላላት ሰው እንኳ አልመለሰችም፤ አፏን ብትከፍት ቃሉ የሚወድቅባት መስሏት።

«እትዬ! አውፍ በይኝ ብለዋል!»

«ከራሱ አፍ?»

«ከራሳቸው አፍ።»

«ጨውስ?»

«ጨው ነበረው ብለዋል። ልክ ነበር ብለዋል።»

«ነበረው እኮ!» ብለው ጮኹ እትዬ ከሪማ፤ ላሞቹ ሁሉ ቀና አሉ። «ነበረው እኮ! እኔ አብጃለሁ እንዴ? ነበረው!» አካፋቸውን ጥለው ክምሩ ጥግ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ ተነሱ። «አውፍ ብያለሁ። ቅርጫትሽን አምጪ።» እሾሁን በባዶ እጃቸው ይነቅሉት ጀመር፤ ደማ አልደማ ዞር ብለው አላዩትም።

ቃሉ ወጣ፣ ፍጉ መጣ። ፍጉ እንሰቱ እግር ሥር ፈሰሰ፤ እንሰቱ «በቃ፣ ቁረጪ» ብሎ ሁለት ሰፋፊ ቅጠል ሰጠ። ነጅሚያ አልወረወረችም፤ ቆማ በእጇ አጎረሰችው ቡሬን። ቡሬ በላ፣ ተነሳ፣ ተንጠራራ። እትዬ ከሪማ መጫኛ አመጡና ድንጋዩን ጠፍረው አሰሩት። «ና ቡሬ! ና የእኔ ጀግና!» በሬው ጎተተ፣ ድንጋዩ ተነሳ፤ ድንጋዩ ተነሳ፣ ምንጩ ፈሰሰ። እንዴት ፈሰሰ መሰላችሁ! መጀመሪያ ድፍርስ ተፋ፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ቀጥሎ ጥርስ የሚቆረጥም ጥሩ ውሃ። ነጅሚያ በማሰሮ ቀድታ ስትመለስ ወገቧ ድረስ ርሳ ነበር።

እትዬ ከሪማ ከሰባት ዓመት በኋላ የወንድማቸውን ደጅ ረገጡ። ወደ ጓዳ ሳይገቡ ግን ስፌዱን አዩት።

«ድንብላልን እንደ በርበሬ ያሰጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ከየት ነሽ አንቺ?»

«ከማረቆ።»

«እሱን ከስፌዱ አውቄያለሁ» አሉና ፈገግ አሉ። «ነይ፣ ቢላ ያዢ። ቢጫ ቢጫውን ልቀሚና ጣይ። እንዲህ፤ አሁን የእግሩን ጫፍ ቁረጪለት፣ አፉ እሱ ነው፤ ፀሐይ ዘግቶታል። ጣሳ ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ። አገዳው ይቁምበት፣ ቅጠሉን ግን ውሃ አይንካው፣ ይበሰብሳል። ላዩን በዚች የእንሰት ቅጠል ቁራጭ ከደን አድርጊለት፣ እንዳይታፈን ላላ ይበል። አሁን እንስራው ሥር፣ ጥላው ጋ አስቀምጪውና ዞር በይ። ሲያዩት ያፍራል።»

ዞር አላሉም። ማን ዞር ይላል! ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጣሳው ላይ ተከሉ፤ አባ ሰማንም ከአልጋቸው አንገታቸውን ሰገግ አድርገዋል። መጀመሪያ ምንም የለም። ምንም። የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። ከዚያ አንዷ ጭራ የምታክል አገዳ ንቅንቅ አለች። ነጅሚያ የእትዬን ክንድ ጨመቀች። ሌላዋ ተከተለች። የተጣበቁት ቅጠሎች አንድ በአንድ ተላቀቁ፤ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሕፃን ጣታቸውን ዘረጉ። ማንም አልነካቸው፣ ማንም አልገፋቸው። ቅጠሉ ጠጣ፤ ቅጠሉ ቀና አለ! ቤቱ በሙሉ ታወደ። ሦስት ሰው አፉን ከፍቶ አንድ እፍኝ ድንብላል ያያል። እትዬ ከሪማ ሰባ ዓመት ድንብላል ሲያበቅሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ «አጃኢብ» አሉ በሹክሹክታ፣ «አላህ ከፈለገ የወደቀን እንዲህ ነው የሚያነሳው።»

ነጅሚያ ለዛሬ የሚበቃውን ብቻ ቀነጠሰች፤ የምትቀነጥሰውን ብቻ አጠበች። የቀረው ጣሳው ውስጥ እንደቆመ ቀረ። በየጠዋቱ ውሃውን እየቀየረች ለሚቀጥለው ሳምንትም አደረሰችው፤ እሱን ልንገራችሁና ልለፈው። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሏን ወፍጮው ላይ በመጅ ደቆሰች፤ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ጨመረች፣ ጠረኑ እንዳይደክም። ከደስታዋ ብዛት ትጣደፋለች። በትንሽ ሳህን፣ ከትኩስ ቆጮ ጋር አቀረበች።

አባ ሰማን ተደግፈው ተቀመጡ። በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ። ቆም አሉ።  ሁለተኛ ጠቀሱ። ከዚያ ቆጮውን ቆረሱና አጥቅሰው ጎረሱ፤ ደገሙ፤ ሠለሱ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ፤ ጉንጫቸው ቀላ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ሳህኑን አጋመሱት። ነጅሚያ ምሰሶው ላይ ተደግፋ እንባዋን ለቀቀችው።

«እስቲ» አሉ እትዬ ከሪማ፣ ጣታቸውን ልከው። ላሱ። ዓይናቸውን አጠበቡ። ደግመው ላሱ።

«ሰማን! ይሄ ነገር እኮ ጨው የለውም!»

«ወይኔ!» አለች ነጅሚያ፣ ራሷን ይዛ። «ረስቼዋለሁ! ከነጭራሹ ረስቼዋለሁ!»

አባ ሰማን ጉርሻቸውን ቀስ ብለው አላመጡና ዋጡ። «እኔ በመጀመሪያው ቅምሻ አውቄያለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔ? ስለ ጨው? ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። አንድ ቀን ተናግሬ ሰባት ዓመት እህት አጣሁ።»

እትዬ ከሪማ ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ለቅሶው ወደ ሳቅ ተመለሰ። ወንድማቸውን ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን ሳሟቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሱ፤ ጨው ከቤታቸው ሊያመጡ፣ በዚያው በአጥሩ መተላለፊያ። ሲመለሱ አልዘጉትም፤ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

የኔ ይሄው ነው። ጨው አንሶት ከሆነ ቃል ገብታችኋል፤ እጃችሁን አሽትቱና ጨምሩበት።